«ይፈላል» እና «እየፈላ ነው»፦ የላቦራቶሪ ሪፖርት እንግሊዝኛችን ነገር

ባለፈው ሴሚስተር አጋማሽ ላይ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ጀሞ በሚገኘው መኖሪያ ቤታችን፣ ሰማንያ ያህል የአንደኛ ዓመት የላቦራቶሪ ሪፖርቶችን ጠረጴዛ ላይ ከምረን ስናርም አመሸን። ሙከራው ቀላል ነው። ተማሪው ንጹሕ ውኃ ያሞቃል፤ በየደቂቃው ቴርሞሜትሩን ያነባል፤ ውኃው እየተንፈቀፈቀ የሙቀት መጠኑ መጨመሩን የሚያቆምበትን ነጥብ ይመዘግባል፤ በመጨረሻም ያገኘውን ውጤት በአንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይገልጻል። ከእነዚያ ሰማንያ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ሁለቱ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት ሆነውናል።

አንድ ተማሪ «ዘ ዋተር ኢዝ ቦይሊንግ አት 100 ዲግሪስ» ሲል ጽፏል። አንዲት ተማሪ ደግሞ «ዋተር ቦይልስ አት 92 ዲግሪስ» ብላለች። ለመጀመሪያው ሙሉ ነጥብ ሰጠን። የሁለተኛዋን በቀይ አሰመርንበትና ሁለት ነጥብ ቀነስንባት። ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት አልፎ ስለነበር ወደሚቀጥለው ወረቀት ተሻገርን።

ነጥቡ ከተለጠፈ በኋላ ተማሪዋ ሪፖርቷን ይዛ ቢሯችን መጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዶክተር፣ እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት» አለችን። ሠንጠረዧን ገልጠን ተመለከትን። 88፣ 90፣ 91፣ 92፣ 92፣ 92 ይላል። ልጅቷ እውነቷን ነው። እንዲያውም ከክፍሉ ሁሉ ሠንጠረዡን በጥንቃቄ ከሞሉት ጥቂቶች አንዷ እርሷ ሆና አገኘናት።

አንባቢ እንዳይታዘበን፣ የከፍታን ነገር ዘንግተነው አልነበረም። ከፍ ባለ ቦታ የአየር ግፊት እንደሚቀንስ፣ ግፊቱ ሲቀንስም ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላ በየዓመቱ የምናስተምረው እኛው ነን። የተሳሳትነው በንባብ ነው። የእርሷን ግስ ስናይ የሕግ ግስ ሆኖ ታየን፤ «ውኃ ሁሉ፣ በየትም ቦታ፣ በ92 ዲግሪ ይፈላል» እንዳለች አድርገን አነበብነውና «ይህማ ስሕተት ነው» አልን። የልጁን ግስ ስናይ ደግሞ የተለመደ የእንግሊዝኛ ግድፈት መስሎን በልባችን አረምንለት፤ «ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ማለቱ ነው» ብለን ሙሉ ነጥብ ሰጠነው። ለአንዱ ያደረግነውን ለሌላዋ ነፈግናት። በሁለቱም ላይ የፈረድነው በፊዚክሳቸው መስሎን ነበር፤ የፈረድነው ግን በግሳቸው ጊዜ ነው፣ እርሱንም አዛብተን።

ሕግና ምስክር

በእንግሊዝኛ የአሁን ጊዜ ግስ ሁለት መልክ አለው። በትምህርት ቤት «ሲምፕል ፕረዘንት» እና «ፕረዘንት ኮንቲኒየስ» እየተባሉ የሚጠሩት ናቸው፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ተራ የአሁን ጊዜ እና ቀጣይ የአሁን ጊዜ እንላቸዋለን። አብዛኞቻችን የተማርናቸው በምልክት ቃላት ነው። «ናው» የሚል ቃል ካየህ ቀጣዩን ምረጥ፣ «ኤቭሪ ዴይ» የሚል ካየህ ተራውን ምረጥ ተብለናል። ይህ ዘዴ ባዶ ቦታ ለሚያስሞላ ፈተና ይበቃል። ላቦራቶሪ ውስጥ ግን ዓረፍተ ነገሩን ከአናቱ እስከ አራት ነጥቡ የሚጽፈው ተማሪው ራሱ ነው፤ ዳር ላይ ቆሞ «ናው» ወይም «ኤቭሪ ዴይ» እያለ የሚጠቁመው ቃል አያገኝም። ምን ማለት እንደፈለገ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ለፊዚክስ ሰው ተራው የአሁን ጊዜ ሕግ የሚነገርበት መልክ ነው። «ዋተር ቦይልስ» ሲባል ስለ አንድ ድስት አይወራም፤ ትናንትም ዛሬም ነገም፣ ሰው ቢያየውም ባያየውም፣ ሁኔታው እስከተሟላ ድረስ ስለሚሆነው ነገር ይነገራል። በዚህች ደቂቃ በዓለም ላይ አንዲት ጀበና ባትፈላ እንኳ ዓረፍተ ነገሩ እውነት ሆኖ ይቆያል። ቀጣዩ የአሁን ጊዜ ግን የምስክር ቃል ነው። «ዘ ዋተር ኢዝ ቦይሊንግ» የሚል ሰው ከድስቱ አጠገብ የቆመ ሰው ነው። እንፋሎቱን ያያል፣ ድምፁን ይሰማል፤ ጎረቤት ቤት ስለተጣደው ድስት ግን ኃላፊነት አልወሰደም።

እንግዲህ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች በዚህ ሚዛን እንያቸው። ንጹሕ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል የሚለው ሕግ ከጀርባው አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ግፊቱ አንድ አትሞስፌር፣ ማለትም 101.325 ኪሎ ፓስካል መሆን አለበት። ይህም በባሕር ወለል ላይ ያለው መደበኛ ግፊት ነው። (ነገር እናጥብቅ ከተባለ ዛሬ በምንጠቀምበት ዓለም አቀፍ የሙቀት ልኬት ትክክለኛው ቁጥር 99.97 ነው፤ ይህን የምናነሣው ክብ ቁጥር ሁሉ ሕግ እንዳይመስለን ነው።) ንፋስ ስልክ ላፍቶ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ሲሆን፣ ውኃም ከ92 እስከ 93 ዲግሪ ባለው ክልል ይፈላል። እንጦጦ ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው የዳሎል አካባቢ ደግሞ ከ100 ዲግሪ በጥቂቱ ያልፋል። ባቄላ እኛ ዘንድ ከድሬዳዋ ይልቅ እሳት ላይ የሚቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውኃው ቢንተከተክም ሙቀቱ ያነሰ ነው።

ስለዚህ በአዲስ አበባ፣ ክፍት በሆነ ዕቃ ውስጥ፣ «ውኃው በ100 ዲግሪ እየፈላ ነው» ብሎ የሚመሰክር ሰው ያላየውን እየመሰከረ ነው። ሕጉን በሕግ ግስ ቢጽፈው ኖሮ፣ ቅድመ ሁኔታውንም ቢጠቅስ፣ ትክክል በሆነ ነበር። ተማሪዋ ደግሞ ያየችውን እውነት የሕግ ልብስ አልብሳዋለች። የተለካን ነገር በሪፖርት ለመግለጽ እንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ያለፈውን ጊዜ መሆኑም መታወቅ አለበት፤ «ዘ ዋተር ቦይልድ አት 92 ዲግሪስ» ይባላል። ሙከራው ተፈጽሟል፣ ውኃው ተደፍቷል፣ ቴርሞሜትሩም ወደ ሣጥኑ ተመልሷል። ሁለቱም ተማሪዎች የሚያስፈልጋቸው ይህ ሦስተኛ መልክ ነበር፤ ያስተማራቸው ግን አልነበረም፤ ይህ እኛንም ይጨምራል።

ልዩነቱ ለጀማሪ ብቻ የተተወ ጥቃቅን ነገር እንዳይመስል አንድ ከፍ ያለ ምሳሌ እናክል። የእንግሊዝኛ የፊዚክስ መጻሕፍት ስለ ጽንፈ ዓለም መስፋፋት ሲናገሩ «ዘ ዩኒቨርስ ኢዝ ኤክስፓንዲንግ» ይላሉ፤ ቀጣዩን የአሁን ጊዜ ይመርጣሉ። ጽንፈ ዓለምን የሚያህል ነገር በሕግ ግስ አለመነገሩ አይገርምም? ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ኤድዊን ሀብል እ.ኤ.አ. በ1929 ያሳተመው ጽሑፍ በጋላክሲዎች ላይ በተደረገ ልኬት የተመሠረተ ነበር፤ ሩቅ ያሉት ከእኛ በበለጠ ፍጥነት ሲርቁ ተገኙ። መስፋፋቱ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፍጥነት እንዲቀጥል የሚያስገድድ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1998 ፍጥነቱ እየጨመረ መሆኑ በታወቀ ጊዜም «ኢዝ ኤክስፓንዲንግ» የሚለው ዓረፍተ ነገር አንድ ፊደል መለወጥ አላስፈለገውም። ከአገራችን ሌላ ምሳሌ ብንወስድ፣ በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የከርሰ ምድር ስንጥቅ በሳምንታት ውስጥ ሲከፈትና በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ድረስ ሲሰፋ፣ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ስለ አፍሪካ አህጉር የጻፉት «እየተከፈለች ነው» በሚለው መልክ ነው። ግሱ ድፍረታቸውን ይለካል፤ እስከምን ድረስ እንደሚናገሩና የት ላይ ዝም እንደሚሉ ያሳያል።

ትንቢት የሚባለው አንቀጽ

ስሕተቱን በአማርኛ ማሳበብ በመምህራን ዘንድ የተለመደ ነው። «አማርኛችን ይህን ልዩነት ስለማያውቅ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ወጥ ቤት ገብቶ እንዲያይ የተላከ የአምስት ዓመት ሕፃን ተመልሶ «ውኃው እየፈላ ነው» ይላል እንጂ «ውኃ ይፈላል» አይልም። ልዩነቱን የሚያውቀው ግሱን በመለወጥ ብቻ እንኳ አይደለም፤ «ውኃ» ያለውን «ውኃው» በማለትም ጭምር ነው። አማርኛ ሕግንና ምስክርነትን በግስም በስም ጅራትም ይለያል። ተማሪዎቻችን እንግሊዝኛውን ሲጽፉ የሚያምታቱት ይህን በእጃቸው ያለውን ዕውቀት ይዘውት እንዲገቡ ስላልጋበዝናቸው ይመስለናል።

ያም ሆኖ አማርኛ የራሱ ወጥመድ አለው፤ ወጥመዱም ስም ወጥቶለታል። የቤተ ክህነት የሰዋስው ሊቃውንት ያለፈውን ጊዜ ኀላፊ ሲሉት፣ «ይፈላል» የሚለውን ዓይነት አንቀጽ ደግሞ ትንቢት ይሉታል። ሊቃውንቱ ይህን ስም ሲያወጡ ስለ ፊዚክስ እንዳላሰቡ የታወቀ ነው። ቢሆንም ስሙ ለፊዚክስ ሰው የሚጣፍጥ ነው። ኤድመንድ ሃሌይ እ.ኤ.አ. በ1705 ስለ አንድ ባለ ጅራት ኮከብ ሲጽፍ በ76 ዓመት ገደማ እንደሚመላለስ አስላና እ.ኤ.አ. በ1758 ዳግም እንደሚታይ ተናገረ። እርሱ ከሞተ በኋላ ኮከቡ በተባለው ዓመት ማብቂያ ላይ ታየ። በአማርኛ «በየ76 ዓመቱ ይመለሳል» ስንልና «በ2061 ይመለሳል» ስንል ግሱ አንድ ነው፤ ሕጉም ትንቢቱም በአንድ ቃል ተጠቅልለዋል።

እንግዲህ «ይፈላል» ሦስት ሸክም ተሸክሟል፤ ሕግ፣ ልማድና ወደፊት። ቡና የምታፈላ እናት «ቁጭ በሉ፣ አሁን ይፈላል» ስትል የሙቀት ሕግ እያስተማረች አይደለም። ሦስቱን የሚለየው አውዱ ነው። አውዱ በማይረዳ ጊዜ ምን እንደሚሆን እኛው በራሳችን ላይ አይተነዋል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ይደርስ የነበረው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማ እንደነበር አንባቢ አይዘነጋውም። በጀሞ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ላይኛ ፎቅ የምንኖር ሰዎች አምፖሉ ሲወዛወዝ እያየን ያደርን ነን። ከነዚያ ምሽቶች በአንዱ አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ደረጃው ላይ አስቆሙንና «ልጄ፣ ይህ ነገር ምንድን ነው ትላለህ?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም በመምህር ወጋችን «አባባ፣ ስምጥ ሸለቆ እኮ ይንቀጠቀጣል» ብለን መለስን። የተፈጥሮ ባሕርዩ ነው ማለታችን ነበር። እሳቸው የሰሙት ግን ትንቢቱን ነው። ጠዋት ስንወጣ ከነቤተሰባቸው ብርድ ልብስ ተከናንበው መኪና ውስጥ አድረው አገኘናቸው፤ «ዶክተሩ ይንቀጠቀጣል ብሏል» የሚለው ወሬም ሦስት ሕንፃ ዞሮ ነበር። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ቆርጦ የሚናገር ሳይንስ እስካሁን እንደሌለ በየደረጃው እየቆምን ለማስረዳት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ወሰደብን።

በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ ባሕርዩን በተራው የአሁን ጊዜ፣ ወደፊቱን «ዊል» በሚለው ቃል ለይተን እንናገር ነበር። ይህ ማለት ግን እንግሊዝኛ ለሳይንስ የተፈጠረ ቋንቋ ነው ማለት አይደለም። እኛ የዶክትሬት ትምህርታችንን በተከታተልንበት በጀርመን አገር ተራና ቀጣይ የሚባል የግስ ልዩነት በሰዋስው ደረጃ የለም። መማሪያ መጽሐፉ ስለ ውኃ ሕግ ሲናገር «ኮኽት» ይላል፤ የላቦራቶሪው ቴክኒሽያን ማሰሮውን እያሳየን «ኮኽት» ይለን ነበር። አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ፊዚክስን የለወጡትን ጽሑፎቹን ያሳተመው በዚሁ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት በግሱ ላይ እንድናሳይ ያስገድዳል፤ ሌሎች ቋንቋዎች በሌላ መንገድ ያሳዩታል፤ ሪፖርቱን የምንጽፈው በእንግሊዝኛ እስከሆነ ድረስ ግን በእርሱ ሥርዓት መገዛት ግድ ነው።

ታክሲው ቆሟል ወይስ እየቆመ ነው?

ከሁሉ የከፋው መሰናክል ያለው የሁኔታ ግሶች ላይ ነው። እዚህ አማርኛና እንግሊዝኛ በእውነት መንገድ ይለያያሉ።

ጎተራ ማሳለጫ አጠገብ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው «ታክሲው ቆሟል» ካለ፣ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። «ታክሲው እየቆመ ነው» ካለ ግን ፍጥነቱ ገና ዜሮ አልሆነም፤ እየቀነሰ ነው፤ ነጂው ፍሬን ይዟል፤ የሚሮጥ ሰው ይደርስበታል። የመጀመሪያው ዕረፍት ነው፣ ሁለተኛው አሉታዊ ፍጥንጥን ነው። እንዲሁም «ተቀምጧል» እና «እየተቀመጠ ነው»፣ «ለብሷል» እና «እየለበሰ ነው»፣ «ተንጠልጥሏል» እና «እየተንጠለጠለ ነው» የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው። አማርኛ አንድ ሰው ወይም ዕቃ ያለበትን ሁኔታ የሚገልጸው ወደዚያ ሁኔታ ያደረሰው ድርጊት መጠናቀቁን በመናገር ነው። እንግሊዝኛ ግን ለተቀመጠ ሰው «ሂ ኢዝ ሲቲንግ»፣ ኮት ለለበሰ ሰው «ሂ ኢዝ ዌሪንግ» ይላል። የእኛ «ለብሷል» በቀጣዩ ጊዜ ይነገራል ማለት ነው። በአማርኛ የሚያስብ ተማሪ «ዌሪንግ» የሚለውን «እየለበሰ» ብሎ ቢተረጉመው ማን ይፈርድበታል?

በፈተና ላይ ግን ይፈረድበታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባወጣነው አንድ ጥያቄ ውስጥ «ዘ ካር ኢዝ ስቶፒንግ» የሚል ሐረግ አስገብተን ነበር። ፍጥነቱ እየቀነሰ ያለ መኪና ነው። የመልስ ወረቀቶቹን ስናይ ብዙዎቹ የመነሻውን ፍጥነት ዜሮ ብለው ጀምረዋል፤ መኪናውን «ቆሟል» ብለው አንብበውታል። ቀመሩን በሚገባ ያውቁታል፤ ስሌቱ ከዚያ ወዲያ አንድም እንከን የለውም። የጠፉት የጥያቄው አራተኛ ቃል ላይ ነው። ያን ጊዜ «ፊዚክስ አልገባቸውም» ብለን ጻፍን። ዛሬ እንዲህ ብለን አንጽፍም።

በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ ቀጣዩ ጊዜ በማይገባበት ሁሉ ይገባል። «ዘ ቦትል ኢዝ ኮንቴይኒንግ»፣ «ዘ ቦዲ ኢዝ ሃቪንግ»፣ «ዘ ፔሪየድ ኢዝ ዲፔንዲንግ» የሚሉትን በየሪፖርቱ እናገኛቸዋለን። ምክንያታቸው ከ«ናው» ሕግ የመጣ ነው፤ ጠርሙሱ አሁን ውኃ ይዟል፣ እንግዲያው ቀጣዩ ጊዜ ይገባዋል ይላል ተማሪው። እንግሊዝኛ ግን መያዝን፣ መኖርን፣ ማወቅን፣ መመሥረትን እንደ ድርጊት አይቆጥራቸውም። የፔንዱለም የውዝዋዜ ጊዜ በገመዱ ርዝመት ላይ «ይመሠረታል»፤ ዛሬ ተመሥርቶ ነገ የሚተወው ነገር አይደለም። «ኢዝ ዲፔንዲንግ» ሲባል ግን ልክ እንዲህ ይመስላል።

ሁለቱም መልክ የሚስማማቸው ግሶች ደግሞ አሉ፤ ትርጉማቸው ግን አብሮ ይለወጣል። ሳሪስ ገበያ ላይ አንዲት ሻጭ ሽንኩርት ስትመዝን በእንግሊዝኛ «ሺ ኢዝ ዌዪንግ» ይባልላታል። ሽንኩርቱ ራሱ ሁለት ኪሎ ይመዝናል ለማለት ግን «ዌይስ» ነው። «ዘ አንየን ኢዝ ዌዪንግ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሽንኩርቱን ሚዛን አስይዞ ነጋዴ አድርጎታል። ይህን ምሳሌ ክፍል ውስጥ ስንናገር ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ ከሳቁ በኋላ ይህን ስሕተት ሲደግሙ እምብዛም አናይም።

ከስም ወደ ዓረፍተ ነገር

የምንኖርበት ክፍለ ከተማ የስሙን ግማሽ ያገኘው ከፊዚክስ ነው። ንፋስ ስልክ ማለት በአባቶቻችን አማርኛ ሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ማለት ነበር፤ ሰፈሩም ስሙን ያገኘው በዚያ ከቆመው ጣቢያ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ነፋስም ሆነ አየር አያስፈልገውም፤ በባዶ ሕዋም ይጓዛል። ቢሆንም ስሙ ውብ ነው፤ ሰፈሩም ታክሲውም ይዞት ቀርቷል። ስም ማውጣት አቅቶን አያውቅም። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም ለብዙ ሺህ የእንግሊዝኛ ቃላት የአማርኛ አቻ አቅርቦልናል፤ ድካሙ የሚመሰገን ነው። ሳይንስ የሚጻፈው ግን በዓረፍተ ነገር ነው፤ በግስ ነው። «ፍጥንጥን» የሚለውን ስም የሚያውቅ ተማሪ «ኢዝ ስቶፒንግ» እና «ሃዝ ስቶፕድ» ካልተለዩለት ስሙ የትም አያደርሰውም።

አንድ የሥራ ባልደረባችን ይህን ሐሳብ ሲሰሙ «ይህ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ሥራ ነው፤ እኛ ፊዚክስ እናስተምር» አሉን። በከፊል እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የእንግሊዝኛ መምህሩ ውኃው በስንት ዲግሪ እንደፈላ አላየም። ዓረፍተ ነገሩ ሕግ ይሁን ምስክርነት ሊፈርድ የሚችለው ሙከራው ሲደረግ የነበረ ሰው ነው፤ ያም ሰው እኛ ነን። ሌላ ባልደረባ ደግሞ «መፍትሔው ፊዚክስን በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ማስተማር ነው» ይላሉ። ይህ ትልቅ ክርክር ነው፤ ልባችን ወደዚያ ያደላል ብንል አንዋሽም። ሆኖም ዛሬ ክፍላችን ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ተምሮ የመጣ ነው፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ሪፖርቱን አያቆይም። ከዕድሜ ታላላቆቹ ጥቂቶቹ ደግሞ በ1990ዎቹ ማብቂያ በየክፍሉ ከተተከለው ፕላዝማ ፊት ተቀምጠው የተማሩ ናቸው። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ እየነጎደ ያልፋል፤ እጅ ቢወጣ አያይም። «ጥያቄ አለኝ» ማለትን ያስረሳ ትምህርት ስለ ግስ ጊዜ ለመከራከር ፋታ አልሰጠም።

እኛ በዚህ ሴሚስተር የጀመርነው ነገር ትንሽ ነው። ተማሪው የመደምደሚያ ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ ከመጻፉ በፊት በአማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ሌላ አፉን የፈታበት ቋንቋ ከሆነም በዚያ፣ ጮክ ብሎ ለጓደኛው እንዲናገር እናደርጋለን። «ውኃ ይፈላል» ነው ያልከው ወይስ «ውኃው ፈላ»? ጓደኛው ይጠይቀዋል። መልሱን ካገኘ በኋላ እንግሊዝኛው ብዙ አያስቸግርም። የሙከራ መመሪያችንንም ገልጠን አየን፤ በአንድ ገጽ ላይ ተራው፣ ቀጣዩና ያለፈው ጊዜ ያለ ሥርዓት ተደባልቀውበታል። የጻፍነው ደግሞ እኛ ነን። የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል አንዲት መምህርት ከእኛ ጋር ተቀምጠው አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አቃኑልን፤ እግረ መንገዳችንን የአትሞስፌር ግፊትን ለእሳቸው አስረዳናቸው።

ለተማሪዋ ሁለቱን ነጥብ መለስንላት፤ ግሷንም አብረን አረምን። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን ተማሪ አስጠራን፤ ሙሉ ነጥብ ያገኘውን። የመረጃ ሠንጠረዡ በ100 ያበቃል። በየትኛው ቴርሞሜትር 100 እንዳነበበ ጠየቅነው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «ዶክተር፣ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ደርሶ እምቢ አለ። የተበላሸ መሰለኝ። መጽሐፉ 100 ስለሚል እሱን ጻፍኩ» አለን። መጽሐፉን አምጣው አልነው። ሠንጠረዡን አገኘና በጣቱ አሳየን፤ ውኃ፣ 100 ይላል። ከሠንጠረዡ በታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን እንዲያነብልን ጠየቅነው። «አት ዋን አትሞስፌር» ብሎ አነበበ። እንደገና አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ በመስኮቱ ወደ እንጦጦ ተመለከተና «እዚያ ላይ ቢሆን ስንት ይሆን ነበር?» ሲል ጠየቀን። ቴርሞሜትሩን ሰጠነው፤ ለቅዳሜ ቀጠሮ ያዝን።